ብይዋ የቆመችበት ቤት

ባሌን የሚያውቀው ሰው ሁሉ «ውሃ ልክ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጡለትን ስም የሚጠሩት መዝገብ ቤትና ሐኪም ብቻ ናቸው። እኔም ራሴ ውሃ ልክ እለዋለሁ፤ ሲያናድደኝ ደግሞ «አንተ ሰውዬ»።

ሥራው ሴራሚክ መግጠም ነው፤ የሳሎን ወለል፣ የወጥ ቤት ግድግዳ፣ መታጠቢያ ቤት። ሙያውን ያስተማሩት አጎቱ ናቸው። አጎቱ ሴራሚክ የፀጉር ያህል ከመስመር ወጥታ ካዩ አይሳደቡም፣ አይማቱም። ዝም ብለው በመሮ ይነቅሏትና መዳፉ ላይ ያስቀምጡለታል። «ይቺን ለእናትህ ቤት ታደርጋታለህ?» ይሉታል። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱ የሚኖሩት ወለሉ አፈር በሆነ የኪራይ ቤት ነው። እስከ ዛሬ ሥራ ጨርሶ ሲነሳ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ያንኑ ጥያቄ ራሱን እየጠየቀ ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ ቤት የሚያውቀው ተንበርክኮ ነው። ሌላው ሰው ሲገባ መስኮቱን፣ መጋረጃውን ያያል፤ የኔ ሰው ወለሉን። ጉልበቱ አልቋል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ «ቀጭ» ሲል፣ ትንሿ ልጃችን ዓይኗን ሳትገልጥ «አባዬ ተነሳ» ትላለች።

ብይ ደግሞ አለችው። አረንጓዴ ክር የመሰለ ነገር በሆዷ ያለባት የመስታወት ብይ። የልጃችን ነበረች፤ እሱ «ተዋስኩሽ» ብሎ ወስዶ ኪሱ ውስጥ አስቀራት። እውነተኛው ውሃ ልክ፣ መሣሪያው ማለቴ ነው፣ ረጅም ስለሆነ የትም ተይዞ አይኬድም። ስለዚህ ሰው ቤት ተጋብዘን ሻይ ሲቀርብልን፣ የኔ ባል የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ ይልና ብይዋን ይለቃታል። ከዚያ ቀና ብሎ በጆሮዬ «ወደ ማዕዘኑ ሄደች» ይለኛል። እኔ በክርኔ ጎኑን እለዋለሁ። ባለቤቶቹ የሚያወሩት ስለ ልጃቸው ፈተና፣ እኛ የምናስበው ስለ ወለላቸው።

በተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ብይዋ ሁልጊዜ ወደ በሩ ነው የምትንከባለለው። ከየትም ብትለቃት፣ ወንበር ዞራ፣ አልጋ ሥር አልፋ፣ ወደ በሩ።

«ቤቱ ራሱ ውጡ እያለን ነው» ይል ነበር ባሌ።

ቀልድ ነበር። አከራያችን እትዬ አንድ ማለዳ አንኳኩተው፣ በሩን ይዘው ቆመው፣ «እንግዲህ ልጆቼ፣ ልጄ ሚስቱን ይዞ ሊገባ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ትለቁልኛላችሁ» እስኪሉን ድረስ። ክፉ ሰው አይደሉም። ዓይኔን ማየት አቅቷቸው የሚያወሩት ከበሩ እጀታ ጋር ነበር።

አራተኛ መልቀቃችን ነው። ትንሿ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መጫወቻዎቿን መደርደሪያ ላይ አታስቀምጥም። ተጫውታ ስትጨርስ አንድ በአንድ ወደ ቦርሳዋ ትመልሳቸዋለች። ማንም አላስተማራትም። ያን ቀን እትዬ ሲሄዱ ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ አድርጋ መጣችና «አሁን ነው የምንሄደው?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። «እሺ፣ ሲሆን ንገሪኝ» ብላ ተመልሳ ቁጭ አለች። ያኔ ነው በልቤ «ከእንግዲህ ኪራይ አበቃ፣ ቤት እንገዛለን» ያልኩት።

ተስፋዬ ባዶ አልነበረም። ስድስት ዓመት የቆጠብንበት ማኅበር የብድራችንን ልክ በማኅተም ጽፎ ሰጥቶናል። የብድር ጣሪያ ይሉታል። «ጣሪያ የሌለን ሰዎች ጣሪያ ተሰጠን» ይላል ባሌ። ከዚያ ወረቀት በላይ ግን አንዲት ሳንቲም የለችንም።

በዚህ ከተማ ደግሞ ቤት መግዛት ሩጫ ሆኗል። የመጀመሪያውን ቤት አይተን፣ ሻይ ቤት ገብተን እንመካከር ስንል፣ ሻያችን ሳይቀዘቅዝ ተሸጠ። ሁለተኛው ላይ ብልጥ ሆንንና ገና ከደጁ «ወስደነዋል!» አልን። ባለቤቱ «ሌላ ሰው ጨምሯል» አለን፤ ጨመርን። «እሱም ጨመረ» አለን፤ ጨመርን። ጣሪያችንን ነካን። ሰውዬው ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ በእጁ ምልክት ሰጠን፤ ደህና ሁኑ ማለቱ ነው።

ሦስተኛውን ያመጣልን ደላላው ነው። ደላላውን «አንድ ቃል» ነው የምንለው፤ «አንድ ቃል ልንገራችሁ» ሳይል ወሬ አይጀምርም፣ ከጀመረም አንድ ቃል ሆኖለት አያውቅም።

«አንድ ቃል ልንገርሽ እህቴ» አለኝ በስልክ። «ቤቱ የአንዲት ጡረተኛ ነርስ ነው። ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ከጓሮ አንዲት ዛፍ። ሴትዮዋ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ስለሆነ ይሸጣሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰው ያይና ይሸሻል።»

«ምን ሆኖ?»

«መጥተሽ አሽትቺው።»

በማግስቱ ሦስታችንም ሄድን። በሩ ላይ ከሚወጡ ባልና ሚስት ጋር ተላለፍን፤ ሴትዮዋ አፍንጫዋን በስካርፏ ይዛለች፣ ባሏ ጥቁር መነጽር አድርጓል። «ደግሞ ለዚህ!» እያለች ነው የወጣችው። እኔ ደስ አለኝ። ሰው ሲማረር ደስ የሚለኝ ቤት ስፈልግ ብቻ ነው።

ነርሷን ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላቸው። አጭር፣ ንጹሕ፣ በከዘራ የሚሄዱ ሴት። ሳሎኑን አሳዩን። ባሌ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ብይዋን ለቀቃት።

ቆመች።

ትንሽ እንኳ አልተነቃነቀችም። ልጃችን በሆዷ ተኝታ ፊቷን ወለሉ ላይ አድርጋ አየቻትና «አባዬ፣ ተኛች» አለች። ባሌ ቀና ሲል ፊቱን አየሁት። ከሠርጋችን ቀን ወዲህ እንዲህ በርቶ አላየሁትም።

ሽታው የመታጠቢያ ቤቱ ነበር። ወለሉን የሠራው ሰው፣ እጁ አይባረክና፣ ወደ ውሃ መውረጃው ቀዳዳ ዘንበል ማድረግ ሲገባው ወደ ግድግዳው አዘንብሎታል። ውሃው ማዕዘኑ ላይ ይተኛል፤ ይሸታል። ሲስተር ባልዲና ጨርቅ አሳዩን።

«ጠዋት ጠዋት በጨርቅ እያነሳሁ ባልዲ ውስጥ እጨምቀዋለሁ» አሉ። «ጉልበቴ አልታጠፍ ይለኛል እንጂ ሌላ ችግር የለውም። ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ። አንዴ እስከ ምሳ ሰዓት ተኝቼ ቆየሁ፤ ነርስ ሆኜ፣ ለራሴ መድረስ አቅቶኝ።» ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ባሌ ግን አልሳቀም። ማዕዘኑን ነበር የሚያየው።

አፉን ሊከፍት ሲል ጣቱን ቆነጠጥኩት።

ሳሎን ተመልሰን ተቀመጥን። ባሌ ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም። «ሲስተር፣ ያለን ይኼ ነው» ብሎ ጣሪያችንን ነገራቸው። «ከዚህ በላይ የለንም። ግን የምንገዛው ልንኖርበት ነው፣ አንሸጠውም።» ሲስተር ልጃችንን አዩ። ቦርሳዋን ታቅፋ ነበር።

«እሺ ልጄ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «እሺ። ልጄን ላማክረው፣ ውክልናው እሱ ጋ ነው። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ይመጣል።»

መንገድ ላይ እግሬ መሬት አልነካም። «ሁለቴ እሺ አሉ! እሺ ይበልጣል ከሺ ሲባል አልሰማህም? ሁለት እሺ ደግሞ ስንት ነው?»

ባሌ ሌላ ሐሳብ ውስጥ ነው። «የአንድ ቀን ሥራ ናት» አለ። «ማዕዘኗን ነቅሎ፣ አንሥቶ፣ ወደ ቀዳዳው ማዘንበል።»

«ስማኝ» አልኩት፤ ቆምኩ። «ያቺ ውሃ ጠበቃችን ናት። ሰው ሁሉ የሚሸሸው በሷ ነው። እሷ ከሌለች ያ ቤት ለኛ አይተርፍም፤ ገብቶሃል? ስለ መታጠቢያ ቤቱ ትንፍሽ እንዳትል። ለሳቸውም፣ ለአንድ ቃልም። ቁልፉን ስንቀበል የዚያኑ ቀን ትሠራዋለህ።»

«እስከዚያ ሴትዮዋ ቢወድቁስ?»

«አንድ ሳምንት እኮ ነው! ዓመት ኖረውበት የለ?»

ይህን ማለቴን አሁን ስጽፈው አፍራለሁ። ያኔ ግን የታየኝ የወሩ መጨረሻ ነው።

«አትናገር» አልኩት እንደገና።

«እሺ» አለኝ።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት። የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ግማሽ ቀን። የሰው መታወቂያ እያባዛሁ ልቤ ሲስተር ጓሮ ዛፏ ሥር ነው። የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ የሳሎኑን ቅርጽ እሥልና አልጋው እዚህ፣ ጠረጴዛው እዚያ እላለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ አንዱን አንሥታ «ይኼ የማን ፕላን ነው?» አለችኝ። «የኔ ቤት» አልኳት። አፌ ቀደመኝ።

ረቡዕ ባሌ ጥፍሩ ሥር ነጭ ሲሚንቶ ይዞ ገባ። «የት ዋልክ?» ስለው «ሥራ» አለኝ። ውሸት አልነበረም። ማታ ራት ላይ ትንሿ «ብይዋን ስጠኝ» አለችው። «ሥራ ቦታ ናት» አላት። ይህም ውሸት አልነበረም። ውሃ ልክ አይዋሽም። ሰው ግን ሳይዋሽም ስንት ነገር መደበቅ ይችላል።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሲሆን አዲሱን ሸሚዙን አልብሼው፣ የማኅበሩን ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ ሦስታችንም ሄድን። ልፈርም ነበር የምሄደው።

ከሲስተር ደጅ አምስት መኪና ቆሟል።

መጀመሪያ ሰው የሞተ መሰለኝ። ሴትዮዋ ወደቁ ብዬ ሮጥኩ። ስንገባ ግን ለቅሶ የለም፤ ሳሎኑ ሙሉ ሰው ነው። ባለ ጥቁር መነጽሩ ከነሚስቱ ተመልሷል፤ አፍንጫዋን አልያዘችም፣ የመስኮቱን ቁመት በሜትር ትለካለች። ሌላዋ ግድግዳውን በጣቷ ታንኳኳለች። ሁለት ወንድማማቾች የሚመስሉ ሰዎች የጓሮዋን ዛፍ እያዩ «ይቺን ቆርጦ መኪና ማቆሚያ ነው» ይባባላሉ።

አንድ ቃልን በእጁ ያዝኩት። «ምንድን ነው ይኼ?»

«አንድ ቃል ልንገርሽ» አለኝ፤ ደስታው ከአፉ ይፈሳል። «ተአምር ነው እህቴ! ሲስተር ለልጃቸው ደውለው መታጠቢያ ቤቱ ተስተካክሏል ይሉታል። ልጁ ለኔ ይደውላል። እኔ ደግሞ ሸሽተው ለሄዱት ሁሉ ደወልኩ። ሽታ የለ፣ ውሃ የለ! ይኼው ዘጠኝ ሰው መጣ።»

«ማን አስተካከለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንድ ባለሙያ መጥቶ ነው አሉ።»

ሌላ ቃል ሳልጠብቅ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄድኩ። ልጄ ቀድማኝ ገብታለች።

«እማዬ! ብይዋ! የኔ ብይ እዚህ ናት!»

ከመውረጃው ቀዳዳ አፍ ላይ፣ ብረቱ ላይ ተቀምጣለች። አረንጓዴ ክሯ ታበራለች። ማዕዘኑ ደረቅ ነው። አዲሶቹ ሴራሚኮች ከአሮጌዎቹ ትንሽ ነጣ ይላሉ እንጂ መስመራቸው እንደ ደብተር ነው። ማን እንደሠራው ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። የባሌን መስመር በጨለማም በእግሬ እለየዋለሁ።

ሲስተር ከኋላዬ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል።

«የባልሽ እጅ ይባረክ ልጄ» አሉኝ። «ረቡዕ መጥቶ ‹ሲስተር ይቺን ማዕዘን ልያት› አለኝ። ዋጋ ብለው አልቀበልም አለ። ብይዋን ደግሞ ተወልኝ፤ ‹ከመግባትዎ በፊት ይጣሏት፣ ወደ ቀዳዳው ከሄደች ውሃውም ይሄዳል› አለኝ። ጠዋት ጠዋት እጥላታለሁ፤ ስትሄድ ሳያት ልቤ ይረጋል። ግድግዳ ሳልይዝ ታጠብኩ፤ ይገርምሻል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳቸው።

ባሌን ጓሮ ከዛፏ ሥር አገኘሁት። ሰው እንዳይሰማ በጥርሴ መሐል ነው የተናገርኩት።

«አንተ ሰውዬ። እሺ ብለኸኝ አልነበረም?»

«አትናገር አልሽኝ» አለ፤ መሬት መሬቱን እያየ። «አልተናገርኩም።»

«ሠራኸዋ!»

«አትሥራ አላልሽኝም።»

«አሁን ነው የምትቀልደው?»

«እየቀለድኩ አይደለም።» ዓይኑን አነሣ። «ማክሰኞ በዚህ ሳልፍ ሰላም ልበላቸው ብዬ ገባሁ። በጉልበታቸው ተንበርክከው ውሃ ሲጠርጉ አገኘኋቸው። አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጃቸው ጨርቁ ላይ። ‹ቆይ ልነሣና ወንበር ልስጥህ› ብለው ለመነሣት ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው ታውቂያለሽ? ምን ላድርግ? ጥያቸው ልሂድ? ቤቱን ገዝቼ ገብቼስ፣ እዚያ ወለል ላይ እንዴት ነው የምቆመው?»

መቆጣትም የሚያምረው የሚቆጡት ሰው ጥፋተኛ ሲሆን ነው። ጥፋተኛ ያልሆነን ሰው ተቆጥቶ የት ይደረሳል?

«በል ለልጃቸው ንገረው» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «እኔ ነኝ የሠራሁት በለው። ሰው ነው፣ ይገባዋል።»

«ለሱ አይደለም የሠራሁት።»

«ንገረው!»

«አልነግረውም።»

እኔ ነገርኩት። የሲስተር ልጅ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ትሑት፣ ሁለት ስልክ የያዘ ሰው ነው። ቆሞ በሥርዓት አዳመጠኝ። «እርስዎ ነዎት እንዴ ባለቤቱ? እማዬ ስለ እሱ አውርታ አትጠግብም» አለኝ። ልቤ ዘለለች። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና ቦርሳውን አወጣ። «የእጁ ዋጋ ስንት ነው? የሴራሚኩንም ጨምራችሁ ንገሩኝ፤ የናንተ ዕዳ አይኑርብኝ።»

ከዚያስ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ባሌ ከኋላዬ መጥቶ «የለም፣ የለም፣ ትርፍራፊ ሴራሚክ ነው፤ ምንም አይደለም» አለ፤ ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላ መለሰኝ።

ልጅዬው ሳሎኑ መሐል ቆሞ ለሁላችንም ነገረን። ማንንም ላለማስቀየም፣ እያንዳንዱ የመጨረሻ ዋጋውን ጽፎ በፖስታ ይስጥ፤ ሩብ ሰዓት አለ፤ የበለጠው ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ጨምሩ ቀንሱ የለም። አንድ ቃል ባዶ ፖስታና እስክሪብቶ አደለ። ሳሎኑ የፈተና ክፍል መሰለ። ሰው ሁሉ ግድግዳ ግድግዳ ይዞ፣ ወረቀቱን በእጁ ጋርዶ ይጽፋል። ባለ መነጽሩ ጽፎ ሰረዘ፣ ለሚስቱ አሳየ፣ ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገና ሰረዘ። ሲሰርዝ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንደማይሄድ ከፊቷ ያስታውቃል።

እኛ ምን እንሰርዛለን? ያለን አንድ ቁጥር ነው። ሲስተርም፣ ምናልባት ልጃቸውም ያውቁታል። ባሌ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈው። ዕቃ ስንት አለን፣ ማን ያበድረናል፣ የጋብቻ ቀለበቴ ስንት ያወጣል እያልኩ በጭንቅላቴ ሮጥኩ፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ መስኮት አይገዛም። ፖስታውን ዘጋሁት። በምላሴ ሳርሰው ሙጫው መረረኝ፤ ሌላ ምንም አላስታውስም።

ልጅዬው ፖስታዎቹን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ገባ፤ እናቱም ተከተሉት። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። እኛ ከበሩ አጠገብ ነበርን፣ ሳንፈልግ ሰማን።

«እኔ እነዚያን ልጆች እሺ ብያቸዋለሁ» አሉ ሲስተር።

«እማዬ፣ እሺ ማለት እኮ ሰማሁ ማለት ነው። ሸጥኩ ማለት አይደለም።»

«ለኔ አንድ ነው።»

«ልዩነቱን እይው። እይው እንጂ። በዚህ ልዩነት እኮ ጉልበትሽን ማሳከም እችላለሁ።»

«አንተ ታውቃለህ» ሲሉ ሰማኋቸው። አርባ ዓመት ሰው ሲያድኑ የኖሩ ሴት፣ በገዛ ቤታቸው «አንተ ታውቃለህ»። በበሩ ክፍተት አልጋው ላይ ቁጭ ሲሉ ይታዩኛል፤ ከጎናቸው የታሰሩ ካርቶኖች አሉ። ለካ እሳቸውም እየተባረሩ ነው፤ በደግነት ነው እንጂ።

የልጁን ክፋት ፈልጌ አጣሁት። የእናቱን ጉልበት ሊያሳክም ነው። የባሌን ክፋት ፈልጌ አጣሁት። ባለ መነጽሩ እንኳ ሚስቱ እርጉዝ ናት፤ አሁን ነው ያየሁት፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ስታሻሽ። የሚወቀስ ሰው የጠፋበት ነገር ምን ይደረጋል?

ቤቱ ለባለ መነጽሩ ሆነ። ስንተኛ እንደሆንን ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅን። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» እያለ ሲወጣ የባለ መነጽሩ ሚስት ፈጠን ብላ መጥታ ባሌን እጁን ያዘችው።

«አንተ ነህ አሉ መታጠቢያ ቤቱን የሠራኸው? በጣም ያምራል! ስልክህን ስጠኝ እስቲ፣ ወጥ ቤቱንም ሁሉንም ነቅለን አዲስ ማድረግ እንፈልጋለን። ሳሎኑንም።»

«የሳሎኑን አትንኩት» አላት ባሌ። «በዚህ ከተማ እንደሱ ያለ ልክ ወለል አላየሁም።»

«አይ፣ ቀለሙ አሮጌ ነው» አለች። ስልኩን ሰጣት።

ሲስተር እስከ ደጅ ሸኙን። ጉንጬን በመዳፋቸው ያዙና ለቀቁኝ። ባሌን «ልጄ፣ እኔ እኮ…» ብለው አልጨረሱትም። «ሲስተር፣ ጣጣ የለውም» አላቸው። «እስኪወጡ ድረስ ስንት ቀን አለዎት?»

«አሥር ቀን።»

«አሥር ቀን ደህና ይታጠቡባታል» አለ። ሊያጽናናቸው ነው። ከልቡ ነው ደግሞ፤ ለሱ አሥር ቀን አለመውደቅ ትልቅ ነገር ነው።

ትንሿን መሐላችን አድርገን ወደ ቤት ሄድን። የመንገዱ ማዕዘን ጋ ስንደርስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ለእናትህ ቤት አድርገሃታል፤ እናትህ ቤት የሌላቸውም ለዚሁ ነው» ልለው ነበር፤ ዋጥኩት።

ቤት ስንገባ ትንሿ ቦርሳዋን ፈታችና ብይዋን አወጣች። ለካ ከቀዳዳው አፍ አንሥታ ይዛት መጥታለች። ባሌ ብይዋን ሲያያት ክው አለ።

«ለሲስተር እኮ ነበር የተውኳት።»

«የኔ ናት» አለችው። «ተዋስኩሽ ነው ያልከኝ።»

ወለሉ ላይ ለቀቀቻት። ወንበር ዞረች፣ አልጋ ሥር አለፈች፣ ሄዳ የበሩን ሥር ነካች። ትንሿ ተከትላ ሄዳ አነሣቻትና አየችን። «አሁን ነው?» አለች።

«ገና ነው» አልኳት። «አሥራ ሦስት ቀን አለን።»

አሥራ ሦስት ቀን ብዙ ነው። እኔ እንዲህ ነኝ፤ እንባዬን በምሠራው ሥራ ነው የምጠርገው። ሸሚዙን ሰቀልኩ፣ ወረቀቱን ከነፕላስቲኩ ፍራሹ ሥር መለስኩ፣ ሻይ ጣድኩ። ሻዩ ሳይፈላ አንድ ቃል ደወለ።

«አንድ ቃል ልንገርሽ እህቴ፣ አይዞሽ። ከድልድዩ ማዶ አንድ ቤት አለ፤ ነገ አራት ሰዓት። አንዲት ክፍል ናት ግን ትሰፋለች። ባለቤቱ ሽማግሌ ሰውዬ ነው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። ማንም አይፈልገውም፤ ጣሪያው ወደ ውስጥ ስላዘነበለ ዝናብ ሲዘንብ አልጋው ላይ ነው የሚወርደው።»

ስልኩን ዘጋሁና ለባሌ ነገርኩት። «አልጋው ላይ ነው የሚወርደው» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኑ ወደ ዕቃ ሳጥኑ ሄደ። ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩበት።

«ነገ ባዶ እጅህን ነው የምትሄደው። መዶሻ የለም። መሮ የለም። ብይም የለም። ጣሪያው ቢያፈስ አታይም፣ ሽማግሌው ቢረጥቡ አታይም። ቁልፍ እስክንቀበል ድረስ እጅህን ኪስህ ውስጥ ታደርጋለህ። እየሰማኸኝ ነው?»

ጉልበቱ «ቀጭ» አለ፤ መጥቶ ከጎኔ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

«እሺ» አለኝ።